ሥጋ ያልነካው ድስት

«ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ልወርድ ነው» አለች ሀናን፣ የሻዩን ብርጭቆ አባቷ ፊት እያስቀመጠች።

የአባቷ የእንድሪስ ፊት በራ። ሰኞ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቁ ገና መግባቱ ነበርና ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘርግቷል።

«ጎሽ የኔ ልጅ! እኔው ልልሽ አስቤ ነበር። የደሴው ቲማቲም እንደሁ የጥቅምት ብርድ አደንዝዞታል፤ ቢወረውሩት ሰው ይፈነክታል። እታች ከቆላ የገባውን ቀይ ቀዩን መርጠሽ አንድ ሳጥን ይዘሽ ነይ።»

«አይ አባ፣ እኔ እንኳ የምወርደው...»

«ገንዘብ ነው? ከኮቴ ኪስ ውሰጂ። አጎትሽ አያ ገብሬ ባለፈው እሁድ የቲማቲም ለብለቡን እንዴት እንደጠረገው አላየሽም? ሳህኑን ለመብላት ምንም አልቀረው!» ብሎ በራሱ ጨዋታ ሳቀ።

«የምወርደው ለሥራ ነው» የሚለው ነገር ከሀናን ጉሮሮ ደርሶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጎመን ስታጥብም፣ ልብስ ስታሰጣም ስትለማመደው ነው የሰነበተችው። አባቷ ሲስቅ ግን እንደ ሁልጊዜው ወደ መጣበት ተመለሰ። ጓዳ ገብታ ዘንቢሉን ከማንጠልጠያው አወረደች።

እንድሪስና ገብረ ማርያም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው ቡዜ መጀመሪያ ክርስቲያን አግብታ ገብረ ማርያምን ወለደች፤ ባሏ ሲሞትባት ደግሞ ሙስሊም አግብታ እንድሪስን። ወንድማማቾቹ እሷ በተወችላቸው ግቢ ውስጥ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ እሁድ እሁድ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። ሥጋው ግን አብሮ አይበላም። የገብረ ማርያም ሚስት አትጠገብ የሠራችው ወጥ በገበታው በአንድ ወገን ይወጣል፣ የሀናን እናት ሳሊሃ የሠራችው በሌላው ወገን። ማንም እጁን አያሳልፍም፤ ማንም ደግሞ አታሳልፍ ተብሎ አያውቅም። መሀሉ የአትክልቱ ነው። ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹ፣ ቲማቲም ለብለቡ እዚያ ይፈስሳል፤ የሁሉም እጅ የሚገናኘው እዚያ ነው።

ይህ የመሀል ማባያ የሚሠራው ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ነው። ድስቱን ቡዜ ናት የለየችው። የራሱ ከሰል ምድጃ፣ የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ቢላ አለው። ቅቤም አይገባበትም፤ ጾም በሆነ ቀን ለገብረ ማርያም ቤት እንዳያስቸግር። ማብሰሉ ደግሞ ከሁለቱ ወጥ አንዱንም የማትሠራ የአንዲት ሴት ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ራሷ ቡዜ ሠራች፤ እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድስቱን ለልጅ ልጇ ለሀናን ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሀናን ወጥ ወዳለበት ምድጃ አትጠጋም። ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ስለ ምግብ ሳይንስ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ልጅ፣ ሥጋ ወጥ ሠርታ አታውቅም። እንዳትሠራ ሆና ነው ያደገችው።

በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሲሸሽ ሌላው ፍራሽና ልብስ ሲጭን ቡዜ ያንጠለጠለችው ድስቱን ነበር። እሷ ስትሞት ገብረ ማርያም ለቅሶ ላይ ቆሞ፣ «ይቺ ድስት ካለች እናታችን አለች» አለ። ሁሉም አለቀሱ። ሀናንም አለቀሰች፤ በኋላ ነው ምን እንደተባለ የገባት።

«ቀላል ነገር እኮ ነው» ይላሉ ሁሉም፣ ማባያው ሲነሳ። ቀላልም ነው። ቃሪያውን ሰንጥቆ ፍሬውን ማውጣት፣ ሽንኩርት በሎሚና በጨው አሽቶ መጠቅጠቅ ምን ሥራ አለው? ግን የቀላል ነገር ችግሩ፣ ስለ እሱ ደከመኝ ብሎ መናገር አለመቻሉ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮዋ ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አወለቀች። የምግብ ፋብሪካው ቢሮ ገብታ የጥራት ተቆጣጣሪነቱን ውል ፈረመች። የሠራተኞቹ ኃላፊ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ነሽ። አዲስ ገቢ እሁድ ይሠራል፤ ዕረፍትሽ ረቡዕ ነው» አላት፤ ቀና ብሎም አላያት።

ውጭ ጓደኛዋ ኩኩ እየጠበቀቻት ነበር። ኩኩ ከቢስቲማ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች፤ የተከራየቻትን አንድ ክፍል ልታካፍላት ተስማምታለች። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ ሁለት ፍራሽና አንድ ጀሪካን ውኃ አለው።

«ምድጃው የት ነው?» አለች ሀናን ዙሪያዋን አይታ።

«የምን ምድጃ? ካፌ እበላለሁ፤ ሲመሽ ዳቦ በሻይ። ልታበስይልኝ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«አይ፣ አይ!» አለች ሀናን ቶሎ ብላ። ኩኩ ሳቀችባት።

«በዕረፍትሽስ ረቡዕ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሀናን ቆይታ።

«ረቡዕ? ረቡዕማ ሞቼ ነው የምውለው። ማንም አይቀሰቅሰኝ። ፀሐይዋ በዚያ መስኮት ገብታ እግሬ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ሆዴ ላይ፣ ከዚያ ትሄዳለች። እኔ እዚያው ነኝ።»

ሀናን መስኮቱን አየችው። እግሯ ላይ ፀሐይ ወጥታባት እዚያው የምትሆንበትን ቀን አሰበች። ምንም ሳትልጥ፣ ምንም ሳትከትፍ፣ ጣቷ ሽንኩርት ሳይሸት። ከዩኒቨርሲቲ ይዛቸው መጥታ ሳታነባቸው የቀሩ መጻሕፍት አሉ። አንዱን ታመጣለች።

ቲማቲሙን መግዛት ግን ነበረባት። ሳጥኑን ተሸክማ ሚኒባስ መያዣው ስትደርስ ኩኩ በአንድ በኩል እያገዘቻት፣ «ወላሂ ሀናን፣ ይኼን ያየ ሰው አንቺን ለሥራ የመጣች አይልም» አለቻት።

እሁድ ረፋዱ ላይ ገብረ ማርያምና አትጠገብ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሀናን ከከሰል ምድጃዋ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀይ ሥሩ ተቀቅሎ ተልጧል። እናቷ ከኩታበር ሴቶች የገዛችው እሸት አተር ተፈልፍሎ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል በስሏል፤ አረንጓዴነቱ እንዳይሄድ ቶሎ አውጥታዋለች። ድስቱ አሁን ጎመን ይዟል። ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ፣ ለብ ብቻ እንዲል ታደርገዋለች።

በማድቤቱ ሌላ ጥግ የእናቷ ወጥ ይንተከተካል። ሳሊሃ እንጀራ ልታወጣ ወደ ቤት ገብታለች።

ሀናን ተነሥታ ወደ ወጡ ሄደች። ጭልፋውን አነሣች። እንዴት እንዳነሣችው አታውቅም፤ ብቻ ተመልሳ ድስቷ ላይ ይዛው ቆማለች። ቀዩ ዘይት በጭልፋው ከንፈር ላይ ተጠራቅሞ አንድ ጠብታ ሆነ። ያቺ ጠብታ ብትወድቅ ድስቱ ድስት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መሀል የለም፤ መሀል ከሌለ መሀሉን የምትሠራ ልጅ አያስፈልግም። ማንም አላየ። አላህ ብቻ።

«ጎመኑ ደረሰ ወይ...»

አትጠገብ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ቆማለች። ጭልፋውን አየች፤ ድስቱን አየች። ልትቀማት ፈጥና እጇን ሰደደች፤ መንገድ ላይ አቆመችው። በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ልትነካው አልሆነላትም።

«መልሽው» አለች ቀስ ብላ።

ሀናን ጭልፋውን ወደ ወጡ መለሰችው። ጠብታዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። በእግሯ አፈር ጎተተችባት።

«እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይንገሩብኝ።»

«ምኑን ነው የምነግረው? እኔ ምንም አላየሁ።» አትጠገብ የበሩን መቃን ተደገፈች። «ግን ሞኝ ነሽ። ብታበላሺውስ? ሰኞ ገበያ ድስት ጠፍቶ ያውቃል? በማግስቱ አዲስ ይገዛሉ። ገዝተው ለማን የሚሰጡት ይመስልሻል?»

ሀናን በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው? ባል መጣ?»

«ሥራ ነው። ኮምቦልቻ። ነገ እጀምራለሁ። እሁድም አለ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ለቲማቲም የወረድኩ መሰለው።»

አትጠገብ ሳቋን አፏን በነጠላዋ ይዛ አፈነችው። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እና አፍሽን ማን ሰፋው? አንቺ እያለሽ ድስት ይናገርልሽ? ዛሬውኑ፣ ገበታው ላይ ተናገሪ!»

ገበታው ቀረበ። እንድሪስ ቢስሚላህ አለ፣ ገብረ ማርያም አማተበ። ወዲያው ሁለቱም እጃቸውን ወደ መሀል ሰደዱ፤ ሥጋው በሁለቱም ወገን ተቀምጦ ጠበቀ።

«ይኼ አተር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያምር?» አለ ገብረ ማርያም። «ሀንዬ፣ ጨምሪልኝ ደግሞ ያንን ለብለብ። እንድሪስ፣ አንተ እጅህን ሰብስብ፤ ያንተ ሥጋ እዚያ ነው።»

«ያንተስ የት ነው? በግ አርደህ ቲማቲም ትሻማለህ!»

«በግማ ማንም ያርዳል። ይህን የቀመሰ ይናገር!»

ሀናን ሳህኑን ይዛ ቆማለች። አትጠገብ ቀና ብላ አየቻት።

«አባ» አለች። ማንም አልሰማም። «አባ፣ ጋሼ፣ ሥራ አግኝቻለሁ።»

እጃቸው ገበታው ላይ ቆመ። መጮኋን ያወቀችው ያኔ ነው።

«የምግብ ፋብሪካ ነው፤ ኮምቦልቻ። ነገ እጀምራለሁ። እዚያው ነው የማድረው። ትናንትም የወረድኩት ውል ልፈርም ነበር።»

ክልከላ ቢመጣ የምትለውን ታውቅ ነበር። የመጣው ሌላ ነው። እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አቀፋት። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አያ፣ ሰማህ? ልጄ ሥራ ያዘች!» ሳሊሃ እልል አለች። ገብረ ማርያም ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ከመሀሉ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳት። ሀናን የገዛ እጇን ጎመን አላመጠች። ሳቀች፤ ዕንባዋም መጣ።

ትንሽ ቆይቶ ገብረ ማርያም የጠቀለለውን ሳይጎርስ ያዘው።

«ድስቲቱስ?»

ሁሉም ወደ መሀል አዩ። መሀሉ ሊያልቅ ተቃርቧል።

«እሁድ ሥራ አለብኝ» አለች ሀናን።

«እሁድን ተይው። ዕረፍትሽ መቼ ነው?»

ልትዋሽ አሰበች። ቀን መምረጥ ግን ቶሎ አልሆነላትም።

«ረቡዕ።»

ገብረ ማርያም ጉርሻውን አስቀምጦ ጭኑን መታ። «ረቡዕ! እንድሪስ፣ ረቡዕ እኮ ጾም ነው! እኛ ቤት ሥጋ የለም። ገበታው በሙሉ የሷ ይሆናል ማለት ነው!»

እንድሪስ ወንድሙን አየ። «እኛም ለአንድ ቀን ሥጋ ብንተው ምን እንሆናለን? ሱቁን እዘጋለሁ። ሁላችን ከአንድ ድስት!»

«ወገን የለ፣ መሀል የለ» አለ ገብረ ማርያም፤ ድምፁ ተሰበረ። «እማዬ ይህን ሳታይ ሞተች።»

ሁለት ሽማግሌዎች ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ እንደዚያ ሲተያዩ ሀናን አይታ አታውቅም። ሳሊሃም ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ልጅቱስ መቼ ታርፍ?» አለች አትጠገብ።

«ከምኑ?» አለ ገብረ ማርያም ከልቡ ተገርሞ። «አትክልት እኮ ነው። ቀላል ነገር። ማክሰኞ ማታ ትመጣለች፣ ረቡዕ አብረን እንበላለን፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ እኔ ራሴ መኪና አሳፍራታለሁ። አይደለም ሀንዬ?»

አትጠገብ ዓይኗን ከሀናን ላይ አልነቀለችም። ሀናን የኩኩን መስኮት አሰበች፤ ፀሐይዋ ማንም በሌለበት ፍራሽ ላይ ስትወጣ። ከዚያ አባቷን አየችው። አሁንም እየሳቀ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሀናን የክፍሉን ቁልፍ ለኩኩ ሰጠች፤ ገበያ ገብታ ከቲማቲሙ ቀይ ቀዩን መረጠች፤ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣች።