ስድስት ቀይ ነጥብ

...አርባ ሰባት፣ ደግሞ ቢቆጥራቸውም አርባ ሰባት፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳ ነበሩ፣ በገዛ እጁ ነው የደረደራቸው፣ አፋቸውን ወደ ታች ቂጣቸውን ወደ ላይ፣ ሦስት ቀለሃ እግር አውጥቶ አይሄድም፣ ሎይድ ስቴንስሩድ አርጅቷል እንጂ አልጃጀም፣ መቁጠርማ አያቅተውም። ይሄ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ነው። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ከሱ ሌላ ማን ይገባል፣ ጆሊን ልጁ ናት፣ ብትወስድ ወሰድኩ ትላለች፣ የቀረው ያ ሰውዬ ነው፣ የጆሊን ባል፣ ትራቪስ፣ ስሙን መጥራት እንኳ ያስጠላዋል፣ ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይጠራ እየመጣ እንጨት ይፈልጣል፣ ፍለጥልኝ ያለው የለም፣ ምን ፈልጎ ነው?

ተወው፣ አሁን ሥራ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አደን ይከፈታል፣ ለጆሊን ሃያ ጥይት መሙላት አለበት፣ በተተኮሰው ባዶ ቀለሃ ውስጥ አዲስ ባሩድና እርሳስ እየከተተ፣ ከአርባ ሰባቱ ሃያ ደህና ደህናውን መርጦ። እነዚህ የሷ ጠመንጃ ቀለሃዎች ብቻ ናቸው፣ ከሌላ ጋር አይቀላቅልም፣ ቀለሃ ከተተኮሰበት ጠመንጃ ሆድ ጋር ተላምዶ ነው የሚኖረው። አንዱን ያነሳል፣ አፉን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ ስንጥቅ የለውም፣ ቂጡ ላይ አምስት ቀይ ነጥብ፣ አምስት ጊዜ ተሞልቷል ማለት ነው፣ ነጥቡ የሚስቱ የኖርማ የጥፍር ቀለም ነው፣ ስትሞት አሥራ አንድ ብልቃጥ ትታ ሄደች፣ ምን ያድርገው፣ መጣል አልቻለም፣ ይሄው በያንዳንዱ ሙሌት አንድ ነጥብ ያደርጋል፣ ትንሽ ትሸተዋለች። ከነጥቡ ቀጥሎ ሽቦው ነው። ቀለሃ ሲደክም ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ወገቡ ይሳሳል፣ ከውጭ ላይታይ ይችላል፣ ከውስጥ ግን ቦይ ያወጣል፣ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ ትከትና ግድግዳውን እየጫርክ ትስባለህ፣ ያዝ ካደረገህ ትጥለዋለህ፣ ካልያዘህ ደህና ነው። ይሄ ለስላሳ። ይሄም ለስላሳ። ይሄም። አርባ ዓመት በነዚህ ጣቶች ነው የመረጠው፣ አንድም ቀን ያሳፈሩት የለም።

ያቺ ዶክተር ግን፣ ልጅ እግሯ፣ በጸደይ፣ ስኳሩ የጣትዎን ነርቭ ነክቶት ይሆናል አባት፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎት አዎ ይበሉኝ አለችው፣ እሱ የዋዛ ነው እንዴ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ እጇን እያየ አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ ጎበዝ ነዎት አለችው፣ ሐኪም ሁሉ በሽታ ካላገኘ ደመወዙን የበላ አይመስለው። ይሄም ለስላሳ። ይሄም። ሃያ ሞላ፣ ሃያዎቹን ወደ ቀዩ ሳጥን።

አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ሦስት ተኩል፣ በአራት ሰዓት ጆሊን ትመጣለች፣ ዛሬ ይነግራታል፣ በቃ፣ ዛሬ ካልነገራት መቼ ሊነግራት ነው። ባለፈው ኅዳር ከአደን ስትመለስ ቅንድቧን በፋሻ ሸፍና መጣች፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ቅርንጫፍ ገረፈኝ አባዬ፣ ስትለው ዓይኗ የሄደው ወዴት ነው፣ ወደ ሰውዬው፣ ሰውዬውስ፣ ጫማውን ያያል። ቀለሃዎቹን መለሰችለት፣ ከሃያው አሥራ ዘጠኝ፣ አንዱ ሣር ውስጥ ጠፋኝ አለች፣ ጆሊን! ቀለሃ ጥላ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ራሷንም አታውቅም ነበር ማለት ነው። ፋሻው ሲነሳ ደግሞ ከቅንድቧ ሥር ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ ቅርንጫፍ ነጥብ ይተክላል እንዴ? ጠጠር ነው እንጂ፣ ሰው በፊትህ ጠጠር ላይ ሲደፋህ ነው እንዲህ የሚሆነው። ገፍትሯታል። ልጄን ገፍትሯታል። አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን ነገር ሲያላምጣት ከረመ፣ ትናንት የድሮ ክፍሏን ጠረገ፣ አንሶላ አነጠፈ፣ ዛሬ ሰውዬው ባለበት፣ ፊት ለፊት፣ ልጄ ዕቃሽን ሰብስበሽ ወደ ቤትሽ ግቢ ይላታል፣ ከዚያ ወዲያ የመጣ ይምጣ።

በሩ ሲጥ ይላል። ሰውዬው ነው። እንዴት አደሩ አባባ። አባባ፣ ማን ወለደህ፣ ይላል በልቡ። ደህና። ቀለሃ እየመረጡ ነው፣ አዎ፣ ምነው፣ አይ እንዲያው ነው፣ እንደነገርኩዎት ሃምሳ አዲስ ላምጣልዎት፣ እነዚህ ደክመዋል። ማን ነው የደከመ! ኧረ ቀለሃዎቹን ነው አባባ። እኔ የመረጥኩት ደክሞ ያውቃል? ሰውዬው ጫማውን ያያል፣ ያው የለመደውን ጫማውን፣ ካፖርቱን ምስማሩ ላይ ይሰቅልና መጥረቢያውን ያነሳል። ሦስት ጎድለዋል ይለዋል ሎይድ ከኋላው። ቀጥ ይላል። እስቲ ደግመው ይቁጠሯቸው፣ ይላል ሳይዞር፣ ይወጣል። አየኸው? የንጹሕ ሰው ጀርባ እንደዚያ አይደለም፣ ንጹሕ ሰው ይዞራል።

ካፖርቱ ተሰቅሏል። የሰው ኪስ መፈተሽ ነውር ነው፣ የሰው ልጅ መገፍተርስ? ውጭ መጥረቢያው ጧ ይላል፣ ደግሞ ጧ፣ እስካለ ድረስ አይመጣም፣ ግራ ኪስ ጓንት፣ ቀኝ ኪስ የተጠቀለለ መሐረብ፣ ይከብዳል፣ ይፈታዋል። ሌባ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ነጥቦቹ የሱ፣ ጎናቸው ላይ በጥቁር ቀለም መስቀል ተሠርቶባቸዋል፣ ይኸው፣ ደስ አለው፣ ዕድሜ ለመሐረቡ፣ ሽቦውን ይከታል፣ ለስላሳ፣ ሁለተኛውም ለስላሳ፣ ደህና ደህናውን እየመረጠ ነው የሰረቀው። ከሦስቱ ሥር አራተኛ ነገር አለ። አጭር። ቀለሃ ነው፣ ግን ግማሽ፣ እንዲያውም ግማሽ አይሞላም፣ ቂጡ ብቻ፣ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ተበጥሷል፣ ጠርዙ ጠቁሯል። ይገለብጠዋል። ስድስት ቀይ ነጥብ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ተጣብቀዋል፣ ያን ቀን እጁ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ያስታውሰዋል።

ቆይ። ቆይ ሎይድ። ምናልባት ሰውዬው ሰርቆ በራሱ ጠመንጃ ተኩሶት፣ አይሆንም፣ የሱ ጠመንጃ ይሄን አይጎርስም፣ ምናልባት ራሱ ባሩድ አብዝቶ፣ ተው እንጂ፣ ስድስተኛዋን ነጥብ ማን ነጠባት፣ ማን ሽቦውን ስቦ ለስላሳ ነው አለ፣ ማን በሳጥን አድርጎ ይዘሽ ሂጂ ልጄ አላት፣ ከሃያው አሥራ ዘጠኝ፣ ሣር ውስጥ ጠፋኝ አባዬ። ወገቡ ሲበጠስ እሳቱ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ወደ ተኳሹ ፊት። ጠጠር አይደለም። ባሩድ ነው። ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ዓይኗ ነበር፣ እግዚኦ፣ ዓይኗ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጠጠር፣ ጠጠር፣ ጠጠር ሲል።

ሰውዬው ይሄን ዓመቱን ሙሉ በኪሱ ይዞት ዞረ፣ አንድ ቀን አውጥቶ እንካ አላለውም።

ሽቦውን ያነሳል፣ ከቀዩ ሳጥን አንዱን ያወጣል፣ ቅድም ያሳለፈውን፣ ይስባል፣ ለስላሳ። ሁሉም ለስላሳ ነው፣ ሁሌም ለስላሳ ነው፣ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ሽቦው ያዝ ያደረገው፣ ዘንድሮ አይደለም፣ አምናም አይደለም፣ ይሄ እንዴት አላሳሰበውም? አውራ ጣቱን በሽቦው ጫፍ ይወጋዋል፣ ምንም፣ ጠበቅ አድርጎ ይወጋዋል፣ ደም ነጠብ ትላለች፣ ምንም። አዎ፣ አዎ፣ አዎ ነበር ያላት ዶክተሯን። ጣት ካልሰማ ምን ይሰማል፣ ጥርስ፣ ጥርሱ እንኳ የራሱ ነው፣ የሽቦውን እጀታ ይነክሳል፣ ቀለሃውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውጭ ቀስ አድርጎ ይስበዋል፣ ምንም፣ ምንም፣ ቀጭ። ጥርሱ ሥር ድረስ። ደግሞ ያንኑ፣ ቀጭ። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ቀጭ። መስቀል ያለባቸው ሦስቱም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰውዬው እየሰረቀ አይደለም፣ የደከመውን እየለቀመለት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨቱ ሰበብ ነው፣ እሱ ዞር ሲል ገብቶ፣ እንዳያፍርበት።

አለቀሰ ማለት አይደለም፣ ዓይኑ ነው የሞላው፣ ፒንሳው የት አለ፣ ይሄው፣ የቀለሃውን አፍ ይነክስበትና ይጨፈልቃል፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይሞላው፣ ሌላውን፣ ሌላውን።

አባዬ፣ መጣሁ፣ ዛሬ ደግሞ ቁርስ አልበላህም አይደል፣ ምን እያደረግክ ነው? ጆሊን በሩ ላይ ናት፣ መጥረቢያው ዝም ብሏል፣ ሰውዬው ከኋላዋ ቆሟል፣ ካፖርቱን ያያል፣ የተዘረጋውን መሐረብ ያያል፣ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ አባባ እኔ፣ ዝም በል አንተ፣ ቆይ። ጆሊን። አቤት አባዬ። የትኛው ዛፍ ነው የገረፈሽ?

እጇ ወደ ቅንድቧ ይሄዳል። ጥድ ነው፣ ትላለች፣ ግማሹ ቀለሃ ፊቷ ተቀምጦ፣ እያየችው፣ አሁንም ጥድ ነው ትለዋለች። ይቺ ልጅ መዋሸት አትችልም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትችልም፣ እሱ ነው ማየት ያልፈለገው። ይቅር በይኝ ማለት ይፈልጋል፣ አፉ ላይ ሽቦ አለ፣ ያወጣዋል፣ ይቅር በይኝ ልጄ። ተው አባዬ፣ ተው እንጂ፣ ትንሽ ጭረት ናት። ሌላ ቀለሃ ያነሳል፣ ፒንሳውን ያስጠጋል፣ ክንዱን ትይዘዋለች፣ ይሄኛው እኮ ምንም ምልክት የለበትም፣ ደህና ነው። በጣቴ ነው ያሳለፍኩት ይላታል፣ ይጨፈልቀዋል።

ያ ሰውዬ አሁንም በሩ ላይ ነው፣ ጫማውን ያያል። ትራቪስ፣ ይላል ሎይድ፣ ስሙ አፉ ላይ እንግዳ ነው፣ ትራቪስ ልጄ፣ ና ግባ፣ ብርድ ነው። ሽቦውን ይዘረጋለታል፣ እጀታው በምራቅ እርሷል። እጅህን አምጣ፣ ቦይ ሲይዝ ምን እንደሚል ላሳይህ።

አይ፣ ይላል ሎይድ። አንተ አሳየኝ።