ዳገት ላይ የሚስል ፒክአፕ

ሙሐመድአወል ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው። ሰው ቢያየው አብዷል ይለው ነበር፤ የጋራዡ ጎረቤቶችማ ብለውታል። እሱ ግን የያዘውን ሳይጨርስ የሚተው ሰው አይደለም። ሚስቱ ዊዳድ ይህን ጠባዩን «በሽታህ» ትለዋለች።

አሮጌው ፒክአፕ ደንበኛው ሳጋል ከወንድሟ ጋር ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ አራት ዓመት ቆሟል። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ከሀርጌሳ ወደ ኢትዮጵያ ሲሸሽ ሳጋል የተወለደችው በዚሁ መኪና የጭነት ሳጥን ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሊባን ግን ቦታ አጣበበ ብሎ ለብረት ገዢ ሊሸጠው ተስማማ። አልቅሳ ብትለምነው አንድ ዕድል ሰጣት፦ ዛሬ ከዓስር ሶላት በፊት ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የሚወስደውን ዳገት በራሱ ጉልበት ከወጣ ይቀራል፣ ካልወጣ ይሸጣል።

ጉዱ ያ ዳገት ነው። ሞተሩ ሜዳ ላይ ደህና ይሠራል። ዳገቱን ሲጀምር ግን በካርቡራቶሩ በኩል ጧ ጧ እያለ ይስላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሙሐመድአወል የቤንዚኑን መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ከፍታ ለካ፣ ቤንዚን እንዳያፈስ በመሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከአዲስ ወረቀት ቆርጦ ቀየረ፣ የቤንዚኑን ቀዳዳዎች በአየር ነፋ። ካንዴላውን ሲፈታ ነጭ ሆኖ አገኘው፤ ይህ የሚሆነው ቤንዚን ሲያንሰው ነው። ግን የቱ ጋ ነው የሚያንሰው?

ቤንዚኑን የሚመጥነውን፣ ጂግለር የሚባለውን ባለቀዳዳ ናስ አልጠረጠረውም። ምን ቆርጦት ይጠርጥረው። ሙያ ያስተማሩት ጋሽ ደምመላሽ «ይህን አግባ፣ አታፍርም» ብለው የሰጡት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት አላሳፈረውም። ሀርጌሳ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ባለ ካርቡራቶር መኪና ሲገጥመው ይህ የመጀመሪያው ነው። የመኪናውን የራሱን ጂግለር በመጀመሪያው ቀን «ቤንዚን ጠጪ» ብሎ ሰድቦ ቆርቆሮ ውስጥ ወርውሮ በቦታው የጋሽ ደምመላሽን አግብቷል።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሳጋል መጣች።

«ጋሼ፣ ሊባን ገዢውን ይዞ ዳገቱ አናት ላይ ሊጠብቀን ነው። ካልሆነ ይንገሩኝ፣ አላዝንብዎትም» አለችው።

«ታዝኛለሽ» አላት። «እኔም አዝናለሁ። ስለዚህ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።»

ይህን ብሎ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

ወዲያው ዊዳድ ጋራዡ በር ላይ ከታክሲ ወረደች። አዲስ አበባ እናቷን ጠይቃ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ መምጣቷ ነው። የባሏን ላብ አይታ ከቦርሳዋ በግማሽ የቀረ የሃይላንድ ውሃ አውጥታ ሰጠችው። ፕላስቲኩ ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል።

«ማን ረገጠው?» አላት።

«ማንም አልረገጠው። እዚያ ልሳፈር ስል ጠጥቼ ዘጋሁት፣ እዚህ ሳወጣው እንዲህ ሆኗል። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው።»

ክዳኑን ሲከፍተው አየር ሲጥ ብሎ ገባና ጎኑ ቀና። ሙሐመድአወል ውሃውን ሳይጠጣ ቆሞ ቀረ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፣ ለስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። የጋሽ ደምመላሽ ጠባብ ጂግለር ልኩ ለዚያ ነው። ሀርጌሳ ግን ዝቅ ትላለች፣ አየሯም ወፍራም ነው፤ ፕላስቲኩን የጨመደደው እሱ ነው። ወፍራም አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲለፋ ደግሞ ይብሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ነበር።

«ሳጋል፣ ይህን ሳል ያመጣሁበት እኔው ነኝ» አላት። በጣም አፍሯል፣ ግን አልደበቃትም። «አባትሽ ልኩን ያውቁ ነበር።»

አሮጌውን ጂግለር ከቆርቆሮው ፈልጎ አወጣ። በቤንዚን አጠበው፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ በቀዳዳው አየ፣ ቢስሚላህ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋና ሚኒሞውን፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ፣ በካቻቢቴ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎም የሩብ ሩብ እያዞረ አስተካከለ። ከዚያ መሪውን ለሳጋል ለቆላት ከጎኗ ተቀመጠ።

ሁልጊዜ የሚስልበት ቦታ ደረሱ። አልሳለም። ሳጋል ቤንዚን ብትጨምርለት ደስ ብሎት ተቀበላት። አናቱ ላይ ሊባንና ብረት ገዢው ቆመዋል። አጠገባቸው አቆመች፣ ሞተሩን ግን አላጠፋችም።

ሊባን የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ። በዚያ ሽሽት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ገዢውን በሶማሊኛ ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተው፤ ከዚያም ከኋላ የጭነት ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

«ከፊት እኮ ቦታ አለ» አለችው ሳጋል።

«የኔ ቦታ ይህ ነው» አላት። «አንቺ ስትወለጂ የእማዬን እጅ የያዝኩት እዚህ ተቀምጬ ነው። ንጂ።»