መጠጥ ያልቀመሰው ሰካራም

ቀለም ቀቢው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሶ አያውቅም። እንዲህም ሆኖ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ጣውላ ላይ ቆሞ ሲቀባ ተንገዳገደና ባልዲውን ለቀቀው። ታች የቆመችው የፎርማኑ መኪና ነጭ ለበሰች።

ምክንያቱን ያውቀዋል። ግራ ጆሮው ከከዳው ስድስት ወር አልፎታል። ሐኪሟ ጆሮ ለመስማት ብቻ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ለመቆምም እንደሆነ፣ የዙሪያው ድምፅ እንኳ እግርን እንደሚያግዝ አስረድታ የመስሚያ መሣሪያ አዛለት ነበር። እሱ ግን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ወሸቀው። የጆሮው ነገር ከታወቀ ቀሪ ዕድሜውን ዕቃ ግምጃ ቤት ተጎልቶ ብሩሽ ሊያድል ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖረው ደግሞ ከፍታ ላይ ነው።

ለጠጪ ግን ቅጣቱ የሦስት ቀን እገዳ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፎርማኑ ጠጥቶ እንደሆነ ሲጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቀማምሼ ነበር አለ። ፎርማኑ ራሱ መጠጥ ካቆመ አራት ዓመቱ ነበርና መኪናውን ረስቶ አቀፈው። እስከዚያ ቀን «መነኩሴው» እያሉ ሲሸሹት የከረሙት ሠራተኞችም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሚስቱ ወሬው ሲደርሳት እንደ እነሱ ደስ አላላትም። ስድስት ወር ስትጮህ ጉሮሮዋ ደርቋል።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለችው ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠግታ፣ «ወድቀህ ብትሞት ለቀስተኛው ሁሉ ሰካራም ነበር ሲል ልሰማ ነው? ወይ ያን የጆሮ መሣሪያ ታደርጋለህ፣ ወይ እኔው ሄጄ እናገራለሁ።»

እገዳው ሲያበቃ መሣሪያውን በቆቡ ሸፍኖ ወጣ። የጣውላው ሲጥሲጥታ፣ የነፋሱ ሽውታ ከግራም ከቀኝም መጣለት፤ እግሩም ልብ ገዛ። ከታች ሆኖ ሲያየው የዋለው ፎርማን መጠጡን የተወ መስሎት ደስታውን መቻል አቃተው። ጠርቶትም ለቀቢው ለራሱ ደኅንነት ሲል ግምጃ ቤት እንዳዛወረው አበሰረው፤ ያቆመ ጠጪ ከፍታ ላይ እንደማይታመን ከራሱ ያውቀዋል።

ቀለም ቀቢው ቆቡን አወለቀ። ጠብታ እንዳልቀመሰ፣ ያንገዳገደው ጆሮው እንደሆነ ምሎ ተገዝቶ ተናገረ።

ፎርማኑ መሣሪያውን አይቶ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«አይ ወንድሜን» አለ በለሆሳስ፣ «ጆሮህንም በልቶብሃል ማለት ነዋ፣ መጠጡ።»

ቀለም ቀቢው አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማው። ሳይንገዳገድ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ።