አንድም ነጭ እንዳይቀር

«ፎቶውን ትንሽ ወደ ቀኝ፤ አዎ፣ እዚያ ላይ» አለች ሐመልማል ከፍራሹ ሳትነሳ።

የእህቷ የአገርነሽ ሠልስት ነው። የሰዉ ብዛት የሊማሊሞን ነፋስ እንኳ ቦታ አሳጥቶ ከድንኳኑ ውጭ አስቁሞታል። ደባርቅ ውስጥ ለአገርነሽ ያላለቀሰ ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው፤ እሱም በእናቱ ሆድ ሳይንሰቀሰቅ አልቀረም። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ግን ለቀስተኛውን እያስንሾካሾከው ነው።

«ይቺ አገርነሽ ናት?» አለች ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤት፣ ሃና።

«ፊቷስ እሷው ናት» አለች አንዷ። «ፀጉሯ ነው የማላውቀው።»

ሐመልማል ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ሳበችው።

አገርነሽ ፀጉሯን መቀባት የተወችው በአርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀለም የምትበጠብጥበትን ሳህን አጥባ ለዶሮዎቿ ውኃ ማጠጫ አደረገችው፤ አለቀ። ገብስ ከምትሸጥበት ገበያ ሽበቷ እስከ አዲ አርቃይ ይታያል ይባል ነበር፤ አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ቆላ ውስጥ መሆኗን የሚያነሳ አልነበረም። ራሷን ገልጣ ስታልፍ የጫኑ በቅሎዎች ሳይቀሩ መንገድ ይለቁላት ነበር።

ሐመልማል ግን በሁለት ዓመት ታንሳታለች። የታላቅ ሽበት የታናሽን ዕድሜ ይናገራል። ሴት ልጇን ናዝራዊትን የዳረች ዕለት ታላቋን ከጓዳ ያዘቻት።

«እታለም፣ ወይ ቀለም እንቀባሽ ወይ ሻሽ እሰሪ። ፎቶው ለዘላለም ነው።»

«ይኼ ሽበት ሃምሳ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንቺ በግማሽ ሰዓት ልታጠፊው?» ሳቀች አገርነሽ። «ግዴለም፣ ፎቶውን እናንተ ተነሡ። እኔ ከበሮው ጋ ነኝ።»

እንዳለችውም አደረገች። በዚያ ወፍራም አልበም ውስጥ አገርነሽ የለችም።

ከቀብር መልስ ሐመልማል በስልክ የተነሣውን የእህቷን ፎቶ ይዛ ፎቶ ቤት ሄደች።

«ፀጉሩን አጥቁርልኝ» አለችው ምሥጋናውን፣ ባለ ፎቶ ቤቱን።

«ሁሉንም?»

«አንድም ነጭ እንዳይቀር።»

አሁን ከደጅ ለቅሶ ተሰማ። የሟች አክስት እማማ ውዱ ከዳባት ደረሱ። ስልኩ እየተቆራረጠ የሰሙት «የወንድምዎ ልጅ አረፈች» የሚለውን ብቻ ነበር፤ የትኛዋ እንደሆነች አልሰሙም። ዓይናቸውም ደክሟል። ለቀስተኛውን በምርኩዛቸው እየከፈሉ ፎቶው ሥር ቆሙ፤ ቀና ብለው አዩት፤ ደረታቸውን መቱ።

«ሐመልማሌ፣ ያን ጥቁር ፀጉርሽን አፈር ይብላው? ምን የመሰለ ፀጉር ነበርኮ፣ ልጄ፣ ምን የመሰለ ፀጉር።»

ሐመልማል በሕይወት ሳለች የራሷን ሙሾ ሰማች፤ ከፀጉር ሌላ ቃል አልነበረበትም። ለአገርነሽ ቢሆን ኖሮ አክስቷ እስከ ማታ አይጨርሱም ነበር። እህቷን ከፎቶ ስታስወጣት ይኼ ሁለተኛዋ ነው።

«አገርነሽስ?» እማማ ውዱ ዞር ዞር አሉ። «ያቺ ሽበታሟ ልጄ የት ተቀምጣ ነው? ውሰዱኝ እሷ ጋ። እሷን ካየሁ እጽናናለሁ።»

ሁሉም ወደ ሐመልማል አየ።

ሐመልማል ተነሣች። ሻሿን ፈታችና ፎቶውን ከነፍሬሙ ሸፈነችበት። የታማሚ እህቷን አልጋ ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት ያልተቀባው ፀጉሯ ከሥሩ የገብስ ፍሬ ያህል ነጥቶ ነበር።

አክስቷ ፊት ተንበረከከች፤ «እኔ ነኝ፣ ሐመልማል» ብላ የእማማ ውዱን እጅ ይዛ ነጩ ላይ አኖረችው።