አምስተኛው ክፍለ ጊዜ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም ከበሩ ላይ አትቁም፣ ግባና ተቀመጥ። የምነግራችሁ የተቆጣ ሰው ነገር ነውና ድምፄ ከፍ ቢል አትደንግጡብኝ።

ቂርቆስ ፍኖተ ሰላም ከባጃጁ ሲወርድ ከእግሩ በፊት መሬት የነካው ዱላው ነው። "አባቴ፣ ጋቢዎን!" ብሎ ሹፌሩ ባይጮህ ኖሮ ጋቢውንም ትቶት ሊሄድ ነበር። ተቀበለና አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ወደ ትምህርት ቤቱ አቀና።

ቂርቆስ ከማንኩሳ ወዲያ ማዶ በቆሎና በርበሬ የሚያርስ ገበሬ ነው። ሁለት ልጆቹ ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ዘሩ ትልቁ ነው፣ ምሥራቅ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ዘሩ ከብት ሲጠብቅ ዘግይቶ ስለገባ አሁን ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። በየቅዳሜው አንዳቸው አገር ቤት ይወጡና የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ተሸክመው ይመለሳሉ። የገጠር ልጅ የሚማረው እንደዚሁ ነው።

ሰኞ ማታ የምሥራቅ ክፍል ኃላፊ መምህር አሸናፊ ስልክ ደወለ። "አባት፣ ልጅዎ ከአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ትጠፋለች። እንደ ቀልድ ሠላሳ ሁለት ቀን ሞላ። ሦስት ቀን ከጨመረች ከፈተናው ትታገዳለች" አለው።

ቂርቆስ ስልኩን ዘግቶ ሚስቱን ሸጋዬን አያት።

"ነገ ይዣት እመጣለሁ። ትምህርቱ ይቅርባት።"

"ኧረ መጀመሪያ አጣራ ሰውዬ" አለች ሸጋዬ።

"ምኑን ነው የማጣራው? በቀትር ከክፍል የምትወጣ ልጃገረድ የት ትሄዳለች? ጠበል?"

እንግዲህ ማክሰኞ ረፋድ፣ መምህር አሸናፊ በሩ ላይ ተቀበለው። "አሁን ክፍል ውስጥ ናት። አምስት ሰዓት ሲደወል ግን ትወጣለች። የት እንደምትሄድ ጠይቄያት አልነገረችኝም" አለው። ቂርቆስ "እኔ አውቀዋለሁ" አለና ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ተከልሎ ቆመ።

ደወሉ ተደወለ። ምሥራቅ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ብቅ አለች። እየሮጠች ነው! ልጅት ወደ ቤቷ እንዲህ አትሮጥም ብሎ አሰበ ቂርቆስ። ጥርሱን ነክሶ ተከተላት። ጉሊት ላይ ቆም ብላ ሁለት ራስ ሽንኩርት ገዛች። ከዚያ ከድር የሚባል ጎረምሳ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ቂርቆስ ግድግዳውን ተጠግቶ ጆሮውን ጣለ።

"ምሥራቅ፣ ዛሬም ለወንዶችሽ ነው?" አለ ከድር እየሳቀ።

"ዝም ብለህ ዘይቱን ቅዳ።"

"ኧረ እነሱስ ተንደላቀቁ!"

ለወንዶችሽ! ቂርቆስ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ። አንድ ወንድ ፈርቶ ነበር የመጣው፣ ለካ ብዙ ናቸው። ልጅቷን እስከ ግቢው ድረስ ተከተላት። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሀብትነሽ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ገና "እንዴት ዋሉ" ስትል ሰላምታዋን ሳይመልስ አለፋትና የልጆቹን በር በዱላው ገፋው።

ምሥራቅ ከሰል ምድጃ ላይ ተደፍታ በደብተሯ ሽፋን እሳት ታራግባለች። ወለሉ ላይ ሦስት ሳህን ተደርድሯል።

"ወንዶቹ የታሉ?"

ልጅቷ ብድግ አለች። "አባዬ! የትኞቹ ወንዶች?"

"አትቅጠፊ! ሱቁ በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ሦስት ሳህን ነው ያለው፣ እኔም መቁጠር አላቃተኝም!"

ምሥራቅ አባቷን አየችው፣ ዱላውን አየችው። ፊቷ ቀስ እያለ ጠቆረ። እንደ ፍርሃት አልነበረም።

"ይመጣሉ" አለች። "ስድስት ተኩል ላይ ይመጣሉ። ተቀምጠው ይጠብቋቸው።"

ቂርቆስ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች። ቢላው ጣውላውን ሲመታ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። በቀኝ እጇ ማማሰያውን ይዛ በግራዋ ደብተሯን ገልጣ የሆነ ስሌት ታጉተመትማለች፣ ወጡ ሲንተከተክ ደብተሩን ጥላ ትሮጣለች።

ልክ ስድስት ተኩል አለፍ ሲል የወንዶች ድምፅ ግቢውን ሞላው። ቂርቆስ ዱላውን ጨብጦ ተነሣ።

በሩ ተከፈተና ዘሩ ገባ። የገዛ ልጁ ዘሩ። ከኋላው ምሳ አብሮት የሚበላው ምስክር የሚባል የክፍል ጓደኛው አለ።

"ምሥራቅ፣ አልደረሰም እንዴ? ሰባት ከሩብ ማጠናከሪያ ትምህርት አለን እኮ! ትናንትም በአንቺ ጦስ ነው የረፈደብን!"

ቀና ሲል አባቱን አየ።

"ኧ... አባዬ። መቼ መጡ?"

የቂርቆስ ዓይን ከሦስቱ ሳህን ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ሳህኑ ተመላለሰ። ከዚያ ዱላውን ወደ ዘሩ አዞረ።

"አንተ ነህ? እህትህን ከክፍል እያስወጣህ ወጥ የምታሠራት አንተ ነህ?"

"እኔ መቼ አስወጣኋት! ራሷ ናት ቀድማ የምትመጣው! በእመቤቴ፣ አንድ ቀን ውጪ ብያት አላውቅም!"

"እውነቱን ነው" አለች ምሥራቅ። ማማሰያውን ድስቱ ላይ ጣለችው። "እሱ አላስወጣኝም። ያስወጡኝ እርስዎ ነዎት!"

"እኔ?"

"መስከረም ላይ ዕቃችንን ያወረዱ ዕለት ለዘሩ ቦርሳ ገዝተው ሰጡት። ለእኔ ድስቱን ሰጡኝ። 'ወንድምሽ ተርቦ እንዳይውል፣ አደራ' አሉኝ። ግንባሬን ስመው 'አደራ' አሉኝ! አደራ በላ ከምባል ትምህርቴን ብበላው ይሻላል ብዬ ነው!"

"ታዲያ ትምህርትሽን ጥለሽ አብስዪ አልሁሽ?"

"ይህ ማጠናከሪያ ከተጀመረ ወዲህ ስድስት ተኩል ወጥቼ እሳቱ መቼ ይያያዛል? ሽሮው መቼ ይበስላል? እሱስ በልቶ ሰባት ከሩብ የሚደርሰው እንዴት ነው? ሰዓቱን አልነገሩኝም አባዬ! አደራውን ብቻ ነው የነገሩኝ! እነሱ በልተው ሲሄዱ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ማጠናከሪያውንም አንድ ቀን አልገባሁት። እና አሁን ዱላ ይዘው መጥተው ወንዶችሽ ይሉኛል!"

እንባዋ ወረደ፤ በክንዷ ጥርግ አደረገችው። ምስክር የሚሸሽበት አጥቶ ጣሪያውን ያያል።

እትዬ ሀብትነሽ ሰፌዷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። "ይቆጡኝ ግድ የለም ጋሽ ቂርቆስ" አለች። "ሴቷን አበሰሏት፣ ወንዱን ጥሬ ተዉት።"

የቂርቆስ ንዴት አልበረደም፤ የሚያርፍበት ነው የጠፋው። ወደ ዘሩ ዞረ።

"ሽሮ መሥራት አታውቅም?"

"እኔ?" አለ ዘሩ። ከዚያ አመለጠው። "አንቱስ ያውቃሉ?"

ቂርቆስ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሸጋዬ ስትወልድ ጎረቤት ያበላዋል፣ ስትታመም እህቱ ትመጣለች። ጓዳ ገብቶ ያየውን ወንድ እሱ ራሱ "ምድጃ ሟቂ" ብሎ ሰድቦ አስቆ ያውቃል።

"አላውቅም" አለ። ቃሉን የተፋው ያህል ነው ያወጣው። "አላውቅም! እና ምን ይሁን? ሰው ሳይማር ነው እንዴ የሚሞተው?"

ዱላውን ጥግ አስደገፈ። ወጡ የተሠራበትን ድስት አወረደና ምሥራቅ ፊት አስቀመጠው።

"ተቀመጪና ብዪ። አደራዬን አንሥቻለሁ። እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው፣ እትዬ ሀብትነሽም ሰምታለች። ብዪና ማጠናከሪያሽን ግቢ።"

"እኛስ?" አለ ዘሩ።

"እኛማ እንሠራለን! ሽንኩርት ላጥ!"

"አባዬ፣ ሰባት ከሩብ..."

"ይለፍህ! እሷን ሠላሳ ሁለት ቀን አልፏታል!"

ዘሩ ሽንኩርት ያዘ። እንዴት እንደሚላጥ እንኳ ቢጠፋው ከሥሩ በኩል ግማሹን ቆርጦ ጣለው። ምሥራቅ ጉርሻዋን እንደያዘች ዝም ልትል ፈለገች፣ ግን አልቻለችም።

"ጫፉን ብቻ! ሽንኩርት እኮ ነው እንጂ ግንድ አይደለም። ደቀቅ አድርገህ ክተፈው። አሁን ሌላውን ድስት ጣደው። ዘይቱን ትንሽ፣ ትንሽ አልሁ! ሽንኩርቱ ወርቅማ እስኪሆን አማስል፤ ዞር ካልህ ያርርብሃል። ያ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ቀጥቅጠህ ጨምረው። አሁን ሁለት ኩባያ ውሃ።"

ውሃው ፈላ። ቂርቆስ መሥራቱ ቀላል መሰለውና የሽሮውን ፌስታል አንሥቶ ሁለት እፍኝ ዱቄት የሚፈላው ውሃ ውስጥ ዘረገፈው።

"አባዬ! ደረቁን አይደለም! በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ነው የሚጨምሩት!"

ምን ያደርጋል፣ ረፈደ። ሽሮው ጓል ጓል ሆነ፤ በክረምት እንደታረሰ ዋልካ መሬት። ምስክር እጁን አፉ ላይ አደረገ።

"ጓል ነው አይደል?" አለ ቂርቆስ። እጀታውን ሰብስቦ ማማሰያውን ነጠቀ። "ጓልማ አርባ ዓመት ከስክሻለሁ!" ድስቱ ጎን ላይ እየጨፈለቀ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ፈጨው። ያመለጡት አመለጡ። ዘሩ ጨው ጣል አደረገ፣ ምሥራቅ ቀመስ አድርጋ "ድገም" አለችው።

እትዬ ሀብትነሽ ሰፌዷን አስቀምጣ ፈገግ አለች። "ይህንን ማንኩሳ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ልንገርዎ? ቂርቆስ የአባቱን ደንብ ሽሮ በላ ይላሉ!"

ቅኔው ቀድሞ የገባው ለምስክር ነው፤ በሳቅ ፈነዳ። ዘሩ ቀጥሎ ሳቀ። ቂርቆስ አልሳቀም። "ይበሉ" አለ። "ሲበሉ ደግሞ ጓሉ ይነቃቸው።"

ሳህኑን ያጠበው ዘሩ ነው። ኩርፊያው ከፊቱ ሳይወርድ አጠበ። ምሥራቅ ቆማ አየችው። "ሥሩንም" አለችው፣ "ቅባቱ ያለው እዚያ ነው።" ይቅር ማለቷ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ወር የተቆጣ ልብ በአንድ ድስት አይበርድም፣ እሷም ይብረድልኝ አላለችም።

ቂርቆስ ልጁን ይዞ ትምህርት ቤት ተመለሰ። በመንገድ ላይ እሱ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ነበሩ። አንዴ ብቻ "ምሥራቅ" አላት። "አቤት" አለች ሳትዞር። ጋቢውን አስተካክሎ መከተሉን ቀጠለ። ማጠናከሪያው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ አየችውና ገባች።

መምህር አሸናፊ ቢሮ ነበር። ቂርቆስ የሆነውን ሁሉ ነገረው። መምህሩ ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ።

"ከዛሬ ጋር ሠላሳ ሦስት ሆነባት። ሁለት ቀን ነው የቀራት። ከእንግዲህ ካልቀረች ትፈተናለች፣ ለዚያ እኔ አለሁ። ይህ ግን ወላጅ ሞልቶ የሚፈርመው ነው፣ የቀረችበት ምክንያት ይጠይቃል።" እስክሪብቶ አቀበለው። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። "አባት፣ 'ታማ ነበር' ብለው ይጻፉ። ነገሩ ከቤት አይወጣም፣ እርስዎም አያፍሩም። ማንም አይጠይቅም።"

ቂርቆስ ፊደል የቆጠረው በጎልማሳ ትምህርት ነው፤ ሲጽፍ ይዘገያል። እስክሪብቶውን እንደ ማረሻ እርፍ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"በልጄ ላይ በሽታ አልጽፍም" አለ። "ከትናንት ማታ ጀምሮ የማይገባትን ስጽፍባት ነው የዋልሁት።"

ጎንበስ አለና አንድ በአንድ ጻፈው፦ "የቀረችው ወንድሟን ስታበላ ነው። ያዘዝኋት እኔ ነኝ። አባቷ ቂርቆስ።" ፈረመ። መምህሩ ወረቀቱን ሊወስድ ሲል፣ ቂርቆስ በጣቱ ያዝ አድርጎ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ።

በሉ ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ሳህን ሲቀርብላችሁ፣ ከመጉረሳችሁ በፊት ያቀረበላችሁን ሰው ከምን ሥራ ተነሥቶ እንደመጣ ጠይቁት። ይችን ብቻ አስቡልኝ።