በአንድ እጅ የተጻፉ አሥራ አራት ጥቆማዎች

1.

ሳጥኑ ውስጥ አሥራ አራት ጥቆማ ነበር። አሥራ አራቱም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

2.

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። የሰፈራችን የማህበረሰብ ፖሊስ ሣጅን ትርንጎ ስብሰባ ጠርታ «ፖሊስ ማለት እናንተ ናችሁ» አለችን። ደስ አለን። ኮሚቴም አስመረጠችን፤ እኔማ ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። ከዚያ የጥቆማ ሳጥን ምሰሶ ላይ አስቸነከረች።

3. የሳጥኑ አጠቃቀም

ሀ. ያየኸውን ጻፍ።
ለ. ስምህን አትጻፍ።
ሐ. ማንም ሳያይህ ክተት።

ሰፈሩ «ሀ» ላይ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማመልከቻውን የምጽፍለት እኔ ነኛ! ለጥቆማውም ወደ እኔው መጣ።

4. ቃል በቃል (የእኔ በረንዳ፣ ማክሰኞ)

እትዬ ዘርፌ፦ ጻፍልኝ። «የኮሚቴው ጸሐፊ ውሻ መንገደኛ ያባርራል።»

እኔ፦ እትዬ፣ ጸሐፊው እኮ እኔ ነኝ።

እትዬ ዘርፌ፦ አጣሁት እንዴ? ስም አትጻፉ ስለተባለ ነው እንጂ!

ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

5.

አሥራ ሁለቱን ሰው አጻፈኝ። አሥራ ሦስተኛው የራሴ ነው።

የእትዬ ዘርፌ አውራ ዶሮ ጠፋ። ጋሽ ደርሶ ግቢ ላባ አየሁ። «የሰረቀው ደርሶ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከተትኩ። ጋሽ ደርሶ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። እናቴ ስትሞት ድንኳኑን የተከለልኝ እሱ ነው።

6.

ሐሙስ አውራ ዶሮው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተገኘ። ወፍሯል።

7.

አፈርኩ።

8. ቃል በቃል (በረንዳው፣ ዓርብ)

ጋሽ ደርሶ፦ እኔም የምጠቁመው ሰው አለኝ።

እኔ፦ ማንን?

ጋሽ ደርሶ፦ «ጸሐፊያችን የሁላችንን ጉድ ጽፎ ለማንም አይተነፍስም። ይመስገንልን።» ጻፍ እንጂ! ምን ያስለቅስሃል?

9.

ወደ ሣጅን ሮጥኩ። «አንዲት ወረቀት ላውጣ» ብዬ ለመንኳት።

«ሳጥኑ የሕዝብ ነው፣ ጸሐፊ። እሁድ በሕዝብ ፊት ነው የሚከፈተው። ጻፊው ተነስቶ ‹የእኔ ናት› ካለ ግን ሳትነበብ ትመለስለታለች። ለምን እንደሚወስዳት ለሕዝቡ ይናገራል» አለችኝ።

10.

እሁድ ጋሽ ደርሶ አጠገቡ ቦታ ይዞልኝ ነበር። ሣጅን ማንበብ ጀመረች። ስለ ውሻዬ ስታነብ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘርፌ «ማን ይሆን የጻፈው?» እያለች ዙሪያዋን ታያለች።

ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ወጣች። የሰውን ሁለት ቦታ ነው የማጥፈው። አራት ቦታ ያጠፍኩት የራሴን ብቻ ነው።

ሣጅን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ወረቀቷን ሳትገልጥ ያዘቻት።

«የዚህች ጻፊ አለ?»

ጋሽ ደርሶ ጉልበቴን መታ አድርጎ «ማን ይሆን?» አለኝ።

ተነሳሁ።

11. ተነስቼ ያልኩት

«

 

 

»

አንባቢ፣ እባክህ አንተ ጻፍልኝ። የእኔን እጅ ሰፈሩ ያውቀዋል።