የፑሪ ጭቃ

ይህ የምነግራችሁ ነገር አንዲት የሐሰት ቃል ካለችበት ምላሴ እንደ ጨው ሜዳችን ይሰነጣጠቅ። ቤቱ ዛሬም አለ። ክብ ነው፤ የሣር ክዳኑ እንደ ባርኔጣ እስከ ጆሮው ወርዷል። የማያምን ሄዶ ይይ። ሲገባ ግን ጫማውን ያውልቅ፣ ቫልባይንም አስቀድሞ ሰላም ይበል፤ አለዚያ ግድግዳው ከማስደንገጡ በፊት እሷ ትጨርሰዋለች።

ቫልባይ የሂሩ አማት ናት። በምላሷ የስድስት በግ ጠጉር በአንድ ጠዋት ትሸልታለች ይባላል፤ አራቱን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሂሩ ደግሞ ሳማት የተባለው የልጇ ሁለተኛ ሚስት ናት። የመጀመሪያዋ ፑሪ ከሦስት ዓመት በፊት እባብ ነድፏት ሞታለች።

ሂሩ ካገባች አሥር ወሯ ነው። እሳቱን የምታነደው እሷ፣ ጎሿን የምታልበው እሷ፣ የቫልባይን ስድብ የምትጠጣውም እሷ። ቤቱ ግን አሁንም "የፑሪ ቤት" ነው የሚባለው። ልጆች አሬራ ሲላኩ "ከፑሪ ቤት አምጡ" ይባላሉ። እሷን ራሷን በስሟ የሚጠራት የለም፤ "የፑሪ ቤት የገባችው" ነች። እዚህ በሕንዷ ኩች፣ በእኛ ሰፈር፣ ቤት በሠራው ወንድ አይጠራም፤ ውስጡን በመረገችው ሴት ነው የሚጠራው። ሴቶቹ በየዓመቱ ለዲዋሊ፣ ለብርሃን በዓል፣ ግድግዳቸውን ያድሳሉ። በበዓሉ ቀን አሮጊቶች እየዞሩ ያዩና የማን እጅ እንደሆነ ይፈርዳሉ። የፈረዱት ስም ደግሞ አይነቀልም።

ፑሪ ከሞተች ወዲህ ግድግዳዋን የነካ የለም። በጭቃ መስመር የተሳሉ ወፎች ዙሪያውን ሞልተውታል፤ ሁሉም አንገታቸውን ወደኋላ የጠመዘዙ ናቸው፤ በመካከላቸው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ መስታወቶች ተሰክተዋል። ከበሩ አጠገብ ብቻ መዳፍ የሚያህል ቦታ ባዶ ነው። ሴት ሥራዋን ስትጨርስ እዚያ ላይ መዳፏን ታትማለች። ፑሪ አላተመችም።

ዲዋሊ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቫልባይ ለሂሩ መፋቂያ ሰጠቻት።

"ሁሉንም ፍቂው። ጭቃውን ግን እዚህ እንዳታስቀሪ፤ ተሸክመሽ ከመጣበት ኩሬ ድፊው። የሞተ ሰው ጭቃ ዳግመኛ አይቦካም።"

"ለምን እማ?"

"ለምን! አማትሽ ነኝ ወይስ መምህርሽ?"

ኩሬው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ጭቃው ሃያ ሸክም ይሆናል። ሂሩ ደግሞ ስትፍቀው አየችው፤ ድርቁ እንኳ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የላመ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት። እንዲህ ያለ ጭቃ ለማቡካት ስንት ቀን በእግር መርገጥ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። አንዱን ሸክም አማቷ እያየቻት፣ እያቃሰተች ወደ ኩሬው ወሰደች። አሥራ ዘጠኙን ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው፤ ውሃ አፈሰሰችበት፣ አዲስ የአህያ ፋንድያ ጨመረችበት፣ ገብታም ረገጠችው። መስታወቶቹንም አጥባ በጣሳ አስቀመጠቻቸው።

ጭቃው ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ ነው አለች።

እናቷ ስታስተምራት ጭቃ ከማስነካቷ በፊት ባዶ ግድግዳ ፊት ሦስት ቀን አስቀምጣታለች። "መጀመሪያ ዓይን ገብቶ የት እንደሚያርፍ እወቂ" ትላት ነበር። "ከዚያ መስመሩ ዓይንን እጁን ይዞ ያዞረዋል። መስታወት ከመስታወት አታጠጋጊ፤ ብርሃን መተንፈሻ ካጣ ይጮኻል። ባዶውንም እንደ ሥራ ቁጠሪው።" ስለዚህ ሂሩ ከበሩ ትይዩ የማንጎ ዛፍ አቆመች። ከግራና ከቀኝ አሥራ አንድ ግመሎች ወደ ዛፉ እንዲጓዙ አደረገች። መስታወቶቹን በስንዝር እየለካች ሰካች። ቀለም አልጨመረችም፤ መደርደሪያው ላይ የተቆለሉት ብርድ ልብሶች ቀዩንም አረንጓዴውንም ይዘውታል፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ያሳያቸው ብላ። የታችኛውን ክፍል ግን ነጭ አፈር ሳትቀባ ሻካራ ጭቃውን እንዳለ ተወችው። ሰው እዚያ ነው ጀርባውን የሚያስደግፈው።

በሩ አጠገብ የመዳፍ ቦታዋን ለመጨረሻ አስቀረች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሙቀት ተዘርሮ ሳለ፣ ሂሩ የማሽላ ቂጣዋን በነጭ ሽንኩርት እየገመጠች ሥራዋን ታደንቅ ነበር። በትንሿ መስኮት የገባው ፀሐይ መስታወቶቹን ነክቶ ጣሪያው ላይ ብርሃን ዘርቷል። ለበሩ የቀረበችው ግመል አንገቷን ወደኋላ አዙራለች።

"እማ፣ ይቺ ግመል ወዴት ነው የምታየው?"

"ወደኋላ።"

"እኔ እኮ ወደፊት ነው የሠራኋት።"

"እንግዲያው የረሳችው ዕቃ ቢኖር ነዋ" አለች ቫልባይ፣ ሻይዋን ከሲኒው ማስቀመጫ ላይ እየማገች።

ሂሩ ጣቷን አርጥባ አንገቷን አቃናች። በማግስቱ ሦስት ግመሎች ዞረው አገኘች። በአራተኛው ቀን አሥራ አንዱም። ሁሉም የሚያዩት በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ጨው በመኪና ለሚያመላልሰው ባሏ ስልክ ደወለች።

"ሳማት፣ ግመሎቹ ዞሩ።"

"የኔም መኪና ማርሽ አልገባ ብላለች። ለዲዋሊ ስመጣ ሁሉንም አብረን እናስጠግናለን።"

"ቀልድህን ተው! ወደኋላ ነው የሚያዩት እኮ።"

"የፑሪ ወፎችም እንደዚያ ነበሩ" አለ ሳማት፤ ከዚያ መንገዱ ጠበበኝ ብሎ ዘጋው።

ሂሩ ስንዝሯን ዘርግታ በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ቦታ ለካች። ስንዝር አልሞላም። አራት ጣት። በማግስቱ ሦስት ጣት። ከእያንዳንዱ መስታወት ኋላ ጭቃው ላይ ቀጭን መንገድ ተስሏል፤ ቀንድ አውጣ ሲሄድ እንደሚተወው ያለ። ሁሉም ወደ በሩ እየሄዱ ነው።

አንዱን ጠጋ ብላ አየች። የተኳለ ዓይን አየችበት። እሷ ጭቃ ከጀመረች ወዲህ ኩል አልነካችም። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ የመስታወቱ ዓይን ግን ቀድሟት ተገልጦ ይጠብቃት ነበር። በሌላው መስታወት የከንፈር ጥግ አለ። በሌላው፣ ሦስት ጉትቻ የተንጠለጠለበት ጆሮ፤ ሂሩ ያላት አንድ አንድ ነው። የአንዲት ሴት ፊት ነው፣ ተበትኖ እየተሰበሰበ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ ከውስጥ የአምባር ድምፅ ሰማች፤ ሴት ክንዷን እያነሳች ስትመርግ እንደሚሰማው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።

የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ ሁለቱ ዓይኖች በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከንፈሩ ተገጣጥሟል። አፍንጫው ብቻ ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ማንጎው ጋ።

ሂሩ አማቷን እጇን ይዛ አስገባቻት። ቫልባይ አየች። ያ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ።

"ጭቃውን የት ደፋሽው?"

"አልደፋሁትም እማ።"

"ታዲያ?"

"አቦካሁት።"

"በእግርሽ?"

"በእግሬ።"

"ወይ ጉድ! ጣውንትሽን በእርግጫ ቀሰቀስሻታ!" አለችና ቁጭ አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "የሞተች ቀን ግድግዳውን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የማተሚያውን ጭቃ መዳፏ ላይ እንደያዘች ነጭ አፈር አነሰኝ ብላ ኩሬ ወረደች፤ እባቡ እዚያ አገኛት። ስናገኛት በግራ እጇ ላይ ደርቆ ነበር። ግራኝ ነበረች። ድፊው ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ የጀመረችውን ኩሬው ይውሰድላት ብዬ።"

"አሁን ፍቄ ብደፋውስ?"

"ነገ አሮጊቶቹ ይመጣሉ። ባዶ ግድግዳ ካዩ የፑሪ ቤት እንደተባለ ይቀራል።"

"መዳፌን ቶሎ ባትምበትስ?"

"እሷ ከግድግዳው ወዲያ እጇን ዘርግታ እየጠበቀች? ያስገባሽውን እጅ መልሰሽ የምታወጪው መሰለሽ?"

ሂሩ ቤቱን ዞር ብላ አየችው። የአሥር ወር ጥርጊያዋን፣ ማንጎዋን፣ አሥራ አንዱን ከዳተኛ ግመሎች። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቤቱን ሊያሳጣት ይችላል።

"እሷ ታትም" አለች።

"የማን ቤት እንደሚሉት ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ቫልባይ ወጥታ በሩን ያዘች። ሂሩ ከጉድጓዱ አንድ ጭብጥ ጭቃ አምጥታ በባዶው ቦታ ላይ ለጠፈች፤ ፊቷን ወደ ማንጎው መልሳ ቆመች። እኩለ ቀን ነው፤ ዝንብ እንኳ አይበርም።

"እህቴ፣ ነይ ጨርሺው። አልዞርም።"

ጣሪያው ላይ የተዘራው ብርሃን መንቀሳቀስ ጀመረ። እንደ ወፍ መንጋ ተሰብስቦ በራሷ ላይ አለፈ። አምባሮቹ አሁን ከግድግዳው ውስጥ አልነበሩም፤ ከኋላዋ ነበሩ። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ክብደት መጣ፤ የደከመ ሰው ለአፍታ ሲደገፍ እንደሚሰማው ያለ ክብደት፣ የኩሬ ሽታ ያለው፣ ቀዝቃዛ። ሂሩ ጥርሷን ነክሳ ቆመችለት። ክብደቱ ተነሳ። እርጥብ ጭቃ በመዳፍ ሲመታ ተሰማ። አንዴ ብቻ።

ስትዞር የግራ እጅ መዳፍ ታትሟል። ግመሎቹ ወደ ማንጎው ይጓዛሉ። መስታወቶቹ በየስንዝራቸው ተመልሰዋል፤ ሁሉም ባዶ፣ የጣሪያውን ሣር ብቻ የሚያሳዩ።

በበዓሉ ቀን አሮጊቶቹ መጡ። የሚፈርዱት ከመካከላቸው በአንዷ፣ በሶናል ቃል ነው። ሶናል ዓይኗ ከደከመ ሰንብቷል፤ ግድግዳ የምታየው በእጇ ነው። ሶናል ከማንጎው ጀምራ በግመሎቹ ጀርባ ላይ እየተጓዘች ታችኛው ሻካራ ጭቃ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ የፑሪ እጅ አይደለም" አለች። "ፑሪ ለዓይን እንጂ ለጀርባ አታስብም ነበር። እዚህ ተደግፌ በተነሳሁ ቁጥር ነጭ አፈር ለብሼ ልጆች ዱቄት ተሸካሚ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።"

"ይስቁ የነበሩት በአፈሩ አይደለም፣ በአረማመድሽ ነው" አለች ቫልባይ፣ ምላሷ ተመልሶላት።

ሶናል እየዳሰሰች በሩ አጠገብ ደረሰች። ጣቶቿን በመዳፉ ውስጥ አስገባች። ፈገግታዋ ጠፋ። እጇን አውጥታ ጣቶቿን አሸተተች፣ እርስ በርስም አሻሻቸው።

"ይቺ ግን የእሷ ናት። ደግሞ አልደረቀችም።"

ሶናል እጇን በሻሿ ጠረገች።

"ቤቱ የሂሩ ነው" አለች። "ፑሪ እንግዳ ናት። ለእንግዳ ደግሞ ቦታ ይተውለታል። በሉ ሻይ አምጡ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆች ሲላኩ "ከሂሩ ቤት አምጡ" ነው የሚባሉት። የፑሪ መዳፍ እስከ ዛሬ አልደረቀችም፤ በግንቦት ሐሩር ሣሩ ሲጨስ እንኳ እርጥብ ናት።

ምላሴን አስይዣለሁና አንዲቱን የሐሰት ቃል ልናዘዝ። መስታወቶቹ ሁሉም ባዶ ሆኑ ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው፤ እንቅልፍ እንዲወስዳችሁ ብዬ። በሩ አጠገብ ያለችው አንዷ ባዶ አይደለችም። ሂሩ ጠዋት ጠዋት ኩሏን የምትኳለው በእሷ ነው፤ የማንን ዓይን እንደምትኩል ግን ጠይቄያት አላውቅም።